ሐረጎ ላይ የቀረ አውፍ

ደሴ፣ ሆጤ
ሐምሌ 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአብዱልወሀብ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ከነቤተሰብህ፣ ከነሱቅህ፣ ከነኮምቦልቻ ሙቀትህ የገጹን ግማሽ የሞላ ሰላምታ ነው። እኔ የምመልሰው ስለሌለኝ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

«እግርህ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በአራት ዓመትህ ትዝ አለህ? ደህና ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጥቂት እርምጃ በተረከዜ ብቻ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ይለምደዋል። ሩጫም አልተውኩም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ገራዶ መንገድ እወጣለሁ። ድሮ አንተን ጥዬ የምሄድበትን ዳገት ዛሬ ከውኃ ቀጂዎች ጋር እኩል ነው የምወጣው። ሴቶቹ «አብሽር በሺር፣ ደረስክ!» ይሉኛል። ማበረታቻ የተጀመረለት ሯጭ አንዴ አልቆለታል፤ ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን አውፍ በለኝ ትላለህ። እናትህን ይዘህ ሐጅ ልትሄድ ነውና፣ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባን መዞር አይሆንምና፣ በሺር ከልቡ ይቅር ይበልህ። የጎረቤት ወንፊት የምትዋስ አስመሰልከው እኮ!

እንግዲያው ሐቁ ምን እንደነበረ ላስታውስህ። ለ1971 የአብዮት በዓል ሩጫ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሾፌሩ ወልደ ሚካኤል ከአሰብ አንድ የጃፓን ጫማ ከመቀመጫው ሥር ደብቆ አመጣልኝ። ሰማያዊ ነበር። ወሬውን የምናውቀው እሱ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን። አንተ እጅህ ላይ ስታገላብጠው «ይሄ ጫማ ሰው ባያደርገውም ይሮጣል» አልክ። በማግስቱ የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። መጀመሪያ ኮንትሮባንድ አሉኝ፣ ቀጥለው ማን ላከልህ፣ ቀጥለው ለማን ትሠራለህ። ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ የሾፌሩን ስም አልጠራሁም። አንተ በዚያው ሳምንት ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ወርደህ ሦስተኛ ወጣህ፣ አንገትህ ላይ ሜዳሊያ ተንጠለጠለልህ። ስፈታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩህ፤ «ለማን ነገርክ?» አልኩህ። አንገትህን ደፋህ። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም።

ያልነገርኩህም አለ። በተፈታሁ ሰሞን ከጥበቃዎቹ አንዱ ጫማዬን አድርጎት አየሁ። ተረከዙን ረግጦ፣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተው፣ ሲጋራ ሊገዛ ይሄዳል። ስገረፍ አላለቀስኩም። ያን ቀን ግን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አውፍ አልልም።

በሺር


ኮምቦልቻ
ነሐሴ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበሺር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ፣ ባለቤቴ መሪየምና እናቴ እማ ሐዋ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ሰላምታዬን ባትፈልገውም የእማ ሐዋን ሰላምታ እንደማትመልስ አውቃለሁ። «ለዚያ በእጄ ላጎረስኩት ልጅ» ብላ ነው የላከችው። ጉልበቷ ደክሟል፣ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። በአፏ ግን ዛሬም ማንም አይችላትም።

«እናትህ ከፈለገች ለምን ብቻዋን አትሄድም?» ብትለኝ፣ ሴት ያለ መሕረም ሐጅ አትሄድም፣ አባቴ ካለፈ ወዲህ መሕረም የሚሆናት ወንድ ደግሞ ከእኔ ሌላ የለም። «ሌላ ዓመት ትሂድ» ብትለኝም፣ የዘንድሮው ፈቃድ እንዴት እንደተገኘ አላህ ነው የሚያውቅ። የከርሞውን ማን ያውቃል? የእሷንስ ከርሞ ማን ያውቃል? ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ተቀምጧል። ነገር ግን «በሺር በቃሉ አውፍ ሳይል እግሬ ከዚህ ቤት አይነሣም» ብላ ምላለች። መሐላዋን ታውቃለህ።

ለማን ነገርክ ለሚለው ጥያቄህ ዛሬም መልስ የለኝም። ጥፋቱ በእኔ ላይ ይሁን። ሮጥክ ያልከው ግን እውነት ነው። አንተ ታስረህ እኔ ሮጫለሁ፤ ብቀር ዓይን ውስጥ እገባለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ የሩጫ ጫማ እግሬ ላይ አድርጌ አላውቅም።

በአውቶቡሱ ረዳት እጅ አንድ ሳጥን ልኬልሃለሁ። ከጅዳ በወጉ የገባ ነው። ቀረጥ የተከፈለበት ወረቀቱም ውስጡ አለ፤ ማንም በር ቢያንኳኳ እሱን አሳየው።

እማ ሐዋ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» በልልኝ ብላኛለች። ለአንተ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ወንድምህ አብዱልወሀብ


ደሴ፣ ሆጤ
ነሐሴ 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአብዱልወሀብ፣

ተከታዩ ደብዳቤህም ደርሶኛል። አዎ፣ ሳጥኑን ረዳቱ በእጄ ሰጥቶኛል። ይኸው በዚያው ረዳት መልሼዋለሁ።

አልከፍተውም ብዬ ልብስ ስፌት መኪናዬ ሥር ወሸቅኩት። እግሬ መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ሳጥኑን ይነካዋል። መጨረሻ ላይ ከፈትኩት። የአዲስ ጎማ ሽታ ሱቁን ሲሞላው የደንበኛ ሱሪ ግማሽ ላይ ትቼ ተነሣሁ። ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። ሶሉን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ትኩስ ዳቦ ገባ ብሎ ተመለሰ። ወላሂ፣ ግራውን ብቻ ነው ያደረግኩት። በግራው ከመተኮሻው እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች አንዲት እናት «አንዱስ የት ወደቀ ልጄ?» አለችኝ። ይህን የምጽፍልህ ምን እንደመለስኩልህ እንድታውቅ ነው። ጫማ የማይወድ ሰው ጫማ ቢመልስ ምን ይደንቃል? እኔ እወዳለሁ። ወድጄውም ነው የመለስኩት።

ሽማግሌ ልትልክ አስበህ ይሆናል። አትላክ። አስታራቂዎቹ አበጋሮች ይመጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ እኔም ፊታቸው አፍሬ እሺ እላለሁ፣ ነገሩ ግቢ ውስጥ ይቀበራል። እኔን ግን በግቢ ውስጥ አልነዱኝም፤ በገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዬን በክሩ አንገቴ ላይ አንጠልጥለው ነው።

ዋጋዬን ስማ። መስከረም 2 የሐረጎ ሩጫ አለ። የደሴም የኮምቦልቻም ሯጮች ሁሉ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት ድምፅ ማጉያውን ትይዛለህ። «በ71 በሺርን ለቀበሌ የጠቆምኩት እኔ ነኝ» ትላለህ። ሌላ ምንም አልፈልግም። በማግስቱ አውፍ ጽፌ እልክልሃለሁ። ካላልክ ግን እናትና ልጅ ተቀምጣችሁ ሐጁን በሬዲዮ ስሙት።

በሺር


ኮምቦልቻ
ነሐሴ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበሺር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። የምጽፈውን አጥቼ ሳይሆን ጽፌ እየቀደድኩ ነው።

እላለሁ። እንዳልከው፣ ባልክበት ቦታ፣ ያልከውን ቃል እላለሁ።

«አንተ ካልሆንክ ለምን አትክድም?» ትለኝ ይሆናል። እንድክድልህ የፈለግክ ትመስላለህ። አልክድም። ለምን እንደማልክድም አትጠይቀኝ፤ ይቺን አንዲት ነገር ለድሮው ስትል ተውልኝ። ደሴ ሳለን እኔና አንተ አንድ ሸራ ጫማ በፈረቃ እናደርግ እንደነበር መቼም አልረሳኸውም። አንተ ሰኞ፣ እኔ ማክሰኞ። እማ ሐዋ ማታ አጥባ ምድጃ ዳር ታደርቀው ነበር። አንዴ ጫፉ ተቃጥሎ አውራ ጣታችን በየተራ ይወጣ ነበር። ለዚያ ጊዜ ስትል።

አንድ ልመና አለኝ። ያን ቀን እናቴን ወደ ቢስቲማ፣ እህቷ ዘንድ ልላካት። የምለውን በጆሮዋ እንዳትሰማ። ከዚህ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለኝም።

ወንድምህ አብዱልወሀብ


ደሴ፣ ሆጤ
ነሐሴ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአብዱልወሀብ፣

ላካት። የእናትህ ጆሮ የእኔ ጉዳይ አይደለም። እኔ የምፈልገው የሯጮቹን ጆሮ ነው።

«ደስ ይልሃል ወይ?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አዎ፣ ይለኛል! አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስለካ፣ ቁልፍ ስተክል፣ ያቺን ቀን ነበር የምሰፋት። ሌሊቱን ተነሥቼ ሐረጎ ላይ እለማመዳለሁ ብዬ ነበር፣ ሰዓት እላፊው አላስኬደኝም። ቢሆንም እሮጣለሁ። አሮጌ ሸራዬን የመኪና ጎማ አስቆርጬ ሶል አስለጥፌበታለሁ፤ ሲሄድ እንደ አህያ ኮቴ ይጮኻል፣ ግን ቁልቁለቱን ይይዛል። ስንተኛ እንደምወጣ ግድ የለኝም። አንተ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሜዳው ላይ ደርሼ ከተቀመጥኩ ይበቃኛል።

ስትናገር ድምፅህን እንዳትቀንስ። ስሜንም ከነአባቴ ጥራው።

በሺር


ደሴ፣ ሆጤ
መስከረም 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአብዱልወሀብ፣

ቃልህን ጠብቀሃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። አውፍ ብያለሁ። በዚህም ዓለም በወዲያኛውም። ይህን ወረቀት ለእናትህ አሳያት፣ ሻንጣዋን ታንሣ።

ትናንት ከሐረጎ ስወርድ እግሬ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ከኋላ ሆኜ ነው የገባሁት፣ ግን ገባሁ፤ ሳርም ላይ ከሯጮቹ ጋር ተቀመጥኩ። ስትናገር እያንዳንዷን ቃል ቆጥሬ ተቀበልኩ። ከዚያ የሆነውን እኔም አላሰብኩትም። መድረኩ ላይ የነበረው ካድሬ ተነሥቶ ያጨበጭባል ብዬ ከየት አውቄ? «አብዮታዊ ንቃት ማለት ይህ ነው!» ብሎ እጅህን ወደ ላይ አነሣው። ከዚያ ሯጮቹ አንድ በአንድ ሸራቸውን እያነሡ ወጡ። አንደኛ የወጣው ዘይኑልአቢዲን ዋንጫውን እንኳ ሳይቀበል ሄደ። ማንም አልሰደበህም። ብቻ አንተ ወዳለህበት ያየ አልነበረም።

«አሁን ረካህ?» ብለህ በአንዲት ልጅ እጅ የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ረክቻለሁ። ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። እንቅልፍ ይነሣዋል ብለህ ጠብቀህ ከሆነ አዝናለሁ።

መልካም ሐጅ።

በሺር


ደሴ፣ ሆጤ
መስከረም 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዱልወሀብ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ በእናትህ እጅ ነው የምልከው። ትናንት በአውቶቡስ መጥታ፣ የሆጤን ዳገት እንዴት እንደወጣችው እንጃ፣ ሱቄ በር ላይ ተቀመጠች። ተነሺ ብላት እንቢ አለች። እጄን ይዛ የነገረችኝን እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ።

«በሺሬ፣» አለችኝ፣ «ቢስቲማ ድረስ ወሬው መጣልኝ። ልጄ ራሱን አዋርዶ ሐጅ ሊያደርሰኝ ነው አሉ። ወላሂ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። በዱዓ ነው የጨረስኩህ። ጫማህ ከአሰብ መነሣቷን እሱ ነገረኝ፣ ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ለዱዓ ወዳጃ ተቀምጠን ሁሉም ሐጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ ሲያወጣ፣ ለልጁ የለመነ ለልጁ፣ ለበሽተኛው የለመነ ለበሽተኛው፣ ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ለራሴ ምን ልለምን? 'የበሺሬ ጫማ ከአሰብ ተነሥታለች፣ የኬላውን ሁሉ ዓይን አላህ ይጋርድላት፣ አሚን በሉልኝ' አልኩ። ቤቱ ሙሉ አሚን አለልኝ። ከአሚኖቹ አንዷ ቀበሌ ደረሰች። ጫማህ ኬላውን አለፈች፣ አንተ ግን አላለፍክም።»

ታስሬ ሳለ የጫማውን ነገር ልትናገርልኝ ቀበሌ ስትሄድ መንገድ ላይ ይዘህ እንደመለስካት ነገረችኝ። ሾፌሩን ታስይዣለሽ፣ አንቺንም ይገርፉሻል ብለህ። ከተፈታሁ በኋላም ልትነግረኝ ስትል «እንዳታደርጊው፣ በሺር እናት የለውም፣ አንቺንም አታሳጭው» ብለህ አስማልካት።

ለእሷ አውፍ ብያታለሁ። ግንባሯን ስሜ ብያለሁ። እንዲያውም ምን አውፍ ያስፈልጋታል? አራት ዓመት ሙሉ ለእኔ አሚን ያለ ሌላ ሰው የለም።

አንተን ግን ምን ልበልህ? ተናድጄብሃለሁ! ለምን አልነገርከኝም? እሷን የምጠላት መሰለህ? ሜዳው ላይ ያልከውን ልመልሰው ተነሥቼ ነበር። «አብዱልወሀብ አይደለም» ብል «ታዲያ ማን ነው?» ይሉኛል። የእሷን ስም ልጥራ? እሷ «ሂድና ጥራው» ትላለች። እኔ አልችልም። ስለዚህ አንተ ጠቋሚ እንደሆንክ ትቀራለህ፣ ያደረግኩህ ደግሞ እኔ ነኝ።

አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ። ከመሄድህ በፊት በለኝ።

ወንድምህ በሺር


አዲስ አበባ
መስከረም 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለበሺር፣

ነገ እንበራለን። እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጨርቄ ይጨማደዳል ብላ አልተኛም አለችኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» ላልከው ልመልስልህ። ያኔ ስትጠይቀኝ በተረከዝህ ቆመህ ነበር፤ እግርህን እያየሁ እናቴ ናት ማለት አልቻልኩም። አንተም ሁለተኛ አልጠየቅከኝም። ፈርደህ ነው የመጣኸው፤ ጥያቄው ለወጉ ነበር።

«ኮምቦልቻ እንዴት ነው?» ብትለኝም፣ ሱቄን ቆልፌ ነው የመጣሁት። የሚገዛኝ የለም። ሰው ሲያየኝ ወሬውን ወደ ዝናብ ይለውጣል። መሪየም ቧንቧ ስትደርስ ሴቶቹ ተራቸውን ይለቁላታል፣ በክብር ሳይሆን በፍርሃት። የሚወደኝ ካድሬው ብቻ ነው። በየቀኑ ይመጣል፣ ትከሻዬን ይመታል፣ ሌላ የማውቀው ካለ ይጠይቀኛል። ስመለስም የሚጠብቀኝ እሱ ነው።

ሐጅ ስለሚሄድ የግድ አውፍ ይለኛል ብለህ ተስፋ አድርገህ ከሆነ፣ እዚህ ያሉትን ሸህ ጀማሉዲንን ጠይቄያለሁ። የሰው ሐቅ በእኔ ላይ ካለ ሐጄ ይጎድላል። የእኔ ሐቅ በሰው ላይ ቢቀር ግን ሐጄን አይነካውም። «ይቅር ብትል ግን ይበልጥሃል» አሉኝ። የሚበልጠውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ሜዳው ላይ «ድምፅህን አትቀንስ» ብለኸኝ ነበር። አልቀነስኩም። አንተ ሳር ላይ ተቀምጠህ ፈገግ ስትል አይቼሃለሁ። የሰዎቹን ጀርባ እረሳው ይሆናል፣ ያቺን ፈገግታ ግን እንጃ።

እናቴ ከጎኔ ሆና «አውፍ ብዬሃለሁ ብለህ ጻፍለት» እያለች ክንዴን ትጎትተኛለች። ማንበብ ስለማትችል ጽፌያለሁ አልኳት። ይኸው ደስ ብሏት ትስቃለች።

እኔ ግን አላልኩም።

አብዱልወሀብ